አሥራ አንድ ጥሪ

አለቃው ቢሮው ምንጣፍ ላይ ተደፍቶ የተገኘው ከምሳ መልስ ነው። የጠረጴዛው ስልክ እጀታ ከመዳፉ አልወጣም። ሐኪሙ አስም እንደገደለው፣ ነፍሱም ለመውጣት ግማሽ ሰዓት እንደፈጀባት ተናገረ።

ሙት አይወቀስም ይባላል፤ እውነት ግን ይነገር፤ ሰውየው ነዝናዛ ነበር። ሶኬቱን በእግሩ ነቅሎ «ኮምፒውተሬን ገደልክብኝ» ብሎ የኮምፒውተር ባለሙያውን የሚጠራ። የይለፍ ቃሉን በሳምንት ሦስቴ የሚረሳ። ቢሆንስ? ነዝናዛም አየር ያስፈልገዋል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ ወስፌ ይሏታል፤ የማትበሳው ነገር የለምና። መጀመሪያ የሟቹን ጸሐፊ ያዘች።

«አልጠሩሽም?»

«ኧረ እትዬ፣ አልደወሉልኝም። ምክትሉ፣ የኮምፒውተር ባለሙያውና እኔ ሦስታችንም ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ማሽን ክፍል ምሳ እየበላን ነበር። ቢደውሉ የእጅ ስልኬ ይጮህ ነበር።»

በቁሙ «እሱ ሰውዬ» ሲሉት የኖሩት፣ ሲሞት «እሳቸው» ሆነላቸው።

«ለእኔም አልደወሉም» አለ ምክትሉ። «ጠዋት ተጣልተናል፤ አልክድም። መጣላት መግደል አይደለም።»

«የእጅ ስልካቸውስ የት ነው?»

«እኔ ጋ» አለ ባለሙያው። «ዘገየ ብለው ጠዋት ሰጡኝ። የአንድ ድመት ፎቶ ሁለት ሺህ ጊዜ አንስተው እኔን ይወቅሳሉ።»

ምክትሉ ሳቁን ዋጠ።

ወስፌ ጓንቷን አጥልቃ የሟቹን የጠረጴዛ ስልክ አነሳች። ወደ ጸሐፊዋ ደወለች፤ የጸሐፊዋ ስልክ ዝም። ወደ ምክትሉ ደወለች፤ አሁንም ዝም። ጆሮዋ ግን አንድ ነገር ሰማ፤ ፊቷ ጠቆረ። ሦስቱንም አስቀመጠቻቸው።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስልክ የጨበጠ ሰው ሳይደውል አይሞትም። ደውለዋል። ለሁላችሁም። የመለሰላቸውን ስሙ።»

ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ጥያቄዎን በታላቅ አክብሮት ተቀብለናል። እባክዎ አጥፍተው ያብሩት። እምቢ ካለ እርስዎም ይረፉ፣ እኛንም ያሳርፉን።»

የባለሙያው ድምፅ ነበር፤ ሳቅ ያፈነው።

«ቀልድ ነው» አለ ባለሙያው። «በድምፄ የቀዳሁት መልስ ነው፤ ወደ እኔ ሲደውሉ ብቻ እንዲመልስ ነበር። ትናንት የስልኩን መስመር ስነካካው የሚደውሉትን ሁሉ ጠልፎታል ማለት ነው።»

«ሳትሞክረው?»

«የሌላውን ሰው ሥራ ሁሌ እሞክራለሁ። የሳቸውን ግን… እየሳቅኩ ነበር።»

«ስንቴ እንደደወሉ ይቆጥራል?»

«ይቆጥራል። ምሳ ላይ አሥራ አንድ ደርሶ ነበር።»

«ማን አየ?»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። «ሁላችንም። የኮምፒውተሩን ማያ አዙሮ ቁጥሩን አሳየን። ‹ዛሬስ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ› ብዬ ያሳቅኋቸው እኔ ነኝ።»

ምክትሉ ጫማውን ያይ ጀመር። ከዚያ በኋላ ማንም የማንንም ዓይን አላየም።

በሩ ተከፈተ። የሟቹ ሚስት ናት፤ የሸሚዟን ቁልፎች አዛንፋ ቆልፋለች።

«መጨረሻ ላይ ማን አነጋገረው?» አለች።

ወስፌ መልሱን ታውቃለች፤ ግን መናገሩ የእሷ ድርሻ አልነበረም። ባለሙያው ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ምን አልከው ልጄ?»

ልጄ ያለችው ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ነገራት።