ብቻውን የሚሠራው ደላላ

ፋርማሲስቷ ደላላውን የመረጠችው ለቤቱ ብላ እንዳልሆነ ከራሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰላትም።

የአባቷ ጉልበት ደረጃ መውጣት እምቢ ካለ ወዲህ፣ ፎቅ ቤታቸውን ሸጠው ደረጃ የሌለው ቤት መግዛት ግድ ሆነባቸው። ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱ የሽያጭ ቡድን ነው፤ ፎቶ የሚያነሳው ሌላ፣ ስልክ የሚመልሰው ሌላ፣ ገዢ ይዞ የሚዞረው ሌላ። ሁለተኛው ብቻውን የሚሠራ ወጣት ደላላ ነው። እያንዳንዱን ክፍል በእጁ ለክቶ ሲጨርስ ከአባትየው አጠገብ ተቀመጠና «አባባ፣ ከዚህ ቤት የትኛውን ጥግ ነው የሚወዱት?» አላቸው።

አባትየው፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ልጃቸውን አዩ። እሷ የምታየው ደላላውን ነበር።

እሱ እንደወጣ፣ «ቡድኑ ይሻለናል» አሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይሄ ልጅ ጉንፋን ቢይዘው ቤታችንም አብሮት ሊተኛ ነው?»

«አባዬ፣ የሁሉም ሥራ የማንም ሥራ አይደለም። አንድ ሰው ሲሆን ማንን እንደምንጠይቅ እናውቃለን።»

«ነው?» አሉ፣ ሳቃቸውን በሻይ ብርጭቆ ከልለው።

ደላላው ገዢ ባመጣ ቁጥር እሷ ከሥራ ፈቃድ ትጠይቅ ጀመር። ገዢው ክፍሎቹን ሲያይ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ይቆማሉ። ብዙ አያወሩም። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እሱ ግድግዳውን፣ እሷ ጫማዋን ያያሉ።

ችግሩ ስልኩ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ስልኩንም ብቻውን ያነሳል። «እሺ የኔ እመቤት... ዛሬማ አልችልም... ነገ እንገናኝ» ይላል ፈገግ ብሎ። ያን ጊዜ «የኔ እመቤት» የተባለችው ማን ትሆን እያለች ጆሮዋን ትጥላለች።

አንድ ቀን በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አየችው። ከአንዲት ረጅም ቆንጆ ሴት ጋር መንገድ ዳር ቆሟል። ሴትየዋ ክንዱን ይዛ ትስቃለች።

«እህት፣ እኔ የጠየቅሁት የሳል ሽሮፕ ነው፤ የሰጠሽኝ የራስ ምታት ነው» አሏት አንድ ደንበኛ።

«ይቅርታ አባቴ፣ እሱ ለኔ ነው የሚያስፈልገኝ።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መሐንዲስ ገዢ ቤቱን ለሦስተኛ ጊዜ ሊያይ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ደላላው «ሰውየው አይመጣም» የሚል አጭር መልእክት ላከባት። «ከሷ ጋር ሊውል ነው» አለች ለራሷ። ወዲያው ደወለችለት።

«ከዛሬ ጀምሮ አትልፋ። ቡድን ልንይዝ ነው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሥራ በዝቶብሃል።»

«እሺ» አለ። እንዲከራከራት ነበር የፈለገችው።

ውል ለመፈራረም የቡድኑ መሪ ራሷ መጣች። ያቺው ረጅም ሴት!

«ውለታሽ አለብን» አለች መሪዋ እየሳቀች። «ያንን ጎበዝ ደላላ ከኛ ጋር እንዲሠራ ስንለምነው ነው የከረምነው። ‹የያዝኩትን ቤት ሳልጨርስ አልመጣም› እያለ አስቸገረን። አሁን ምክንያት የለውም፤ ሰኞ ይጀምራል።»

ፋርማሲስቷ ደላላውን በገዛ እጇ አንስታ ሰጠቻት!

ቡድኑ እንከን አይወጣለትም። ፎቶው ያምራል፤ ስልኩ ይነሳል፤ ገዢ ይመጣል። እሱ ብቻ አይመጣም። ፋርማሲስቷ ኪኒን ስትቆጥር ደላላውና መሪዋ በአንድ ቢሮ ሲሳሳቁ ይታያታል፤ ቁጥሩ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። ሲብስባት ቡድኑ ቢሮ ሄደች።

«ሁልጊዜ የተለያየ ሰው አትላኩብኝ። አንድ ሰው ብቻ ይምጣ፤ ያ... አዲሱ» አለቻት መሪዋን።

መሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለቤቱ ነው ወይስ ለራስሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ለራሴ» አለች።

መሪዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው። «እኔም ሞክሬ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እራት ጋበዝኩት። ስለ እናንተ ቤት ኮሪደር ሲያወራልኝ አመሸ። ሂጂ፤ እልክልሻለሁ።»

በማግስቱ ደላላው መጥቶ በቤታቸው በር ላይ ቆመ። «ገዢው የታል?»

«ገዢ የለም። እኔ ነኝ ያስጠራሁህ» አለች። «ያን ቀን ገዢያችንን ትተህ ከቡድኑ መሪ ጋር ስትስቅ አየሁህ። ቀናሁ። ያባረርኩህ ለዚህ ነው።»

ደላላው አንገቱን ደፋ።

«መሐንዲሱን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ሲመጣ ጣሪያውን እንኳ ቀና ብሎ አላየም፤ የሚያየው አንቺን ነበር። ሦስተኛ ላመጣው አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ስትዘረጋለት በሁለት እጁ ያዘው።

«አንተ ልጅ!» አሉ አባትየው ከሳሎን። «ቤቴ ሳይሸጥ የከረመው ለዚህ ነው?»

«አዎ አባባ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በል ግባና ተቀመጥ። ቤቱን ቡድኑ ይሽጠው። ለልጄ አንድ ሰው ይበቃታል።»