ውሃው የደረሰበት

«የድሮው ጎርፍ እስከ የት ነበር የመጣው? ጠይቂልኝ» አለ ተሰማ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ።

ቱሪያ ወደ ሃሊሞ ዞር ብላ በሶማሊኛ ጠየቀቻት። ሃሊሞ ከደጃፏ ሳትነሳ ወሬዋን ጀመረች፤ ከጀመረች ደግሞ በቀላሉ አታቆምም። ውሃው ሁለት ፍየሎቿን እንደወሰደ፣ የጎረቤቷን አልጋ ከነምንጣፉ እያንሳፈፈ እንዳለፈ፣ በመጨረሻም የሙመድ ሱቅ ገብቶ ስኳሩን ሁሉ እንዳሟሟው ተናገረች። ስትናገር እጇ ባዶውን ሜዳ ተሻግሮ በቀጥታ ወደ ሱቁ ይጠቁም ነበር።

ሙመድ የቱሪያ አባት ነው።

«ምን አለች?»

ቱሪያ ዓይኗን ከሱቁ መለሰች። «እስከ ግራሩ ድረስ ነው የመጣው አለች።»

ግራሩ ከደረቁ ወንዝ ከደቻቱ አሸዋ ዳር የበቀለ ዛፍ ነው፤ ከሱቁ መቶ ርምጃ ያህል ዝቅ ይላል። ተሰማ መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ የሃሊሞን ክንድ ተመለከተ። «እጇ ግን ወደ ላይ ነው የሚያሳየው።»

«እሱማ አባቴን ሰላም እያለችው ነው።»

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት፤ ይህም ራሷን አስደነገጣት። ተሰማ ፈገግ ብሎ እሱም ለሱቁ እጁን አውለበለበ። ሙመድ ነገሩ ባይገባውም ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ አጸፋውን መለሰ።

ተሰማ ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነው። ጊዜው 1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው ድሬ ከተማ በ1978 ምን መምሰል እንዳለባት የሚያሳይ ካርታ መሥራት ነው። የአገሩን ቋንቋዎች ስለማያውቅ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የሰባተኛ ክፍሏን ቱሪያን ለዕረፍቱ ሳምንት አውሶታል። ቱሪያ በመጀመሪያው ቀን «አንተ፣ የመለኪያ ዘንግህን ልያዝልህ?» ስትለው ተሰማ ዓይኑን አፍጥጦ ነበር። ድሬ ውስጥ ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንተ» እንደሚባል፣ ይህም ቅርበት እንጂ ንቀት እንዳልሆነ እስኪገባው ሁለት ቀን ፈጀበት።

«እስከ ግራሩ» የሚለው መልስ ግን የቱሪያ ፈጠራ አልነበረም። ሰፈሩ የተማከረበት ነው። መንግሥት ውሃ የት እንደደረሰ ሲጠይቅ ቤት ሊያስነሳ ነው ብሎ የማይጠረጥር ማን አለ? ዓርብ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው አንድ ቃል ሆኑ። ለሃሊሞ የነገራት አልነበረም፤ ምላሷን ሁሉም ያውቀዋል። ሙመድ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ልጁን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ቱሪያ፣ ውሃ ሱቄ ገብቷል ካልሽው በቀይ ያሰምርበታል። ከሱቅ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም» ብሏት ነበር። አባቷ ሲያዛት እንጂ ሲለምናት ሰምታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ተሰማ ለቢሮ በተሰጠው የመማሪያ ክፍል ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ገጥሞ ካርታውን ዘረጋ። ሥራዋ ስላለቀ ቱሪያ ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር፤ እግሯ እምቢ አላት። የተወለደችበትን ከተማ ከላይ አይታ አታውቅም። የከዚራን ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች አገኘቻቸው። የመጋላ ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ እንደተወሳሰበ ክር ተጠላልፈዋል። የቀፊራን ገበያ በጣቷ ስትፈልግ ቆይታ አገኘችው፤ ያ ሁሉ ጫጫታ ከጥፍሯ አይበልጥም።

«አቦ ተሰማ፣ እነዚህ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ምንድናቸው?»

«ገና ያልተተከሉ ዛፎች። በ78 ጥላ ይሆናሉ።»

«በ78 እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ይሞላኛል» አለች ቱሪያ፤ ሳቋ መጣ። ገና ባልበቀለ ዛፍ ሥር ትልቅ ሴት ሆና ስትሄድ ራሷን ልታያት ሞከረች። ጫማዋ ታያት፤ ፊቷ ግን አልመጣላትም። «ቆይ፣ ምን የት እንደሚሆን በምን ታውቃለህ?»

ተሰማ የማስታወሻ ደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገልጦ ሰጣት። ሦስት መስመር ብቻ ተጽፎበታል። ውሃ በሚሄድበት ላይ ቤት አይሠራ። ሕፃን ትምህርት ቤት ለመድረስ ሐዲድ አያቋርጥ። የሚኖርበት ሰው ሳይጠየቅ ምንም ነገር አይሣል።

ሦስተኛውን ስታነብ ጆሮዋ ጋለ። ለመሸሽ ያህል ጣቷን ካርታው ላይ አሳረፈች። «ይሄ ቢጫውስ?»

«እሱን እንኳ ትወጂዋለሽ። የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ነው። ከሃሊሞ ቤትና ከአባትሽ ሱቅ መሀል ያለው ባዶ ሜዳ ላይ ይሆናል። ሐዲድ አያቋርጡም፤ ውሃውም እንደነገርሽኝ ግራሩ ጋ ይቆማል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራው እሱ ነው፤ ዓመትም አይፈጅም።»

የቱሪያ እህት ፋዱማ ስድስት ዓመቷ ነው። በመጪው መስከረም ቦርሳ ይዤ እሄዳለሁ እያለች ቤቱን ታውካለች። ቱሪያ ቢጫዋን አራት ማዕዘን ስታይ በሐሳቧ እዚያ ውስጥ የሚኮለኮሉትን ሕፃናት ቆጠረች።

«ካርታው ቢሳሳት ማን ያውቃል?»

«አሁን በእርሳስ ነው፤ በላጲስ ይጠፋል። ነገ በቀለም አጸናዋለሁ። ከዚያ በኋላ…» ተሰማ ትከሻውን ሰበቀ። «ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ውሃው ነው።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሃሊሞ አሁንም ደጃፏ ላይ ነበረች። ቱሪያ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ውሃው በመጣ ጊዜ እሷ ገና አልተወለደችም፤ ታሪኩንም ከሱቁ ደንበኞች በቁርጥራጭ እንጂ በሙሉው ሰምታው አታውቅም።

«ብዙ ዘንቦ ነበር?»

«እዚህ? ጠብታ የለም» አለች ሃሊሞ። «ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋ የምትፋጅ። ዝናቡ የወረደው እዚያ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው። እኛ የሰማነው ድምፁን ነው፤ ባቡር መሰለን። ልጆቹም ባቡር መስሏቸው አሸዋው ላይ መጫወታቸውን አላቆሙም።» ቀጥላ የምትናገር መስሎ ነበር፤ አልቀጠለችም። ሃሊሞ ወሬዋን በራሷ ፈቃድ ስታቋርጥ ቱሪያ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሃሊሞ «ለዚያ ለአዲስ አበባው ምን አልሽው?» አለቻት።

«እስከ ግራሩ።»

ሃሊሞ አልተቆጣችም። ሱቁን አየችና «አባትሽ ደግ ሰው ነው» አለች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ተሰማ የቀለሙን ጠርሙስ ሳይከፍት ቱሪያ ደረሰችበት። ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ከጥግ አነሳች።

«መለካቱን ጨርሰናል እኮ» አለ ተሰማ።

«አንድ ቦታ ቀርቶናል። ና።»

ሱቁ ጋ ሲደርሱ ቱሪያ ዘንጉን የደጁ መርገጫ ላይ አቆመችው። «ውሃው እዚህ ደርሷል። ትናንት ዋሽቼሃለሁ። ሃሊሞ ግራሩን በአፏም አላነሳችውም።»

ተሰማ መጀመሪያ ወደ ግራሩ፣ ቀጥሎ ወደ መርገጫው ተመለከተ። ሙመድ ላምባ የሚሰፍርበትን ጣሳ እንደያዘ ከውስጥ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። ቱሪያ ቀና ብላ ልታየው ፈለገች፤ አልደፈረችም።

«አባ፣ እሱ ሜዳው ላይ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከዘንጉ ሳትነቅል። «ለነ ፋዱማ።»

«የትኛው ሜዳ?» አለ ሙመድ ተሰማን።

ተሰማ በእጁ አሳየው። ፋዱማ እዚያው ሜዳ ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ድንጋይ ደርድራ ቤት ቤት ትጫወታለች። ሙመድ ረጅም ጊዜ ተመለከታት። ጣሳውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

የስኳሩን ጆንያ ሲጎትት ድምፁ ተሰማቸው። ቱሪያ ከተወለደች ጀምሮ ያ ጆንያ ከዚያ ግድግዳ ተነስቶ አያውቅም፤ ሲያልቅም ሌላ ይተካል። አሁን ጀርባው ያለው ኖራ ታየ። ቡናማ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሄዶበታል። የፋዱማን ደረት የሚያክል ከፍታ ላይ ነው።

«መርገጫው ላይ አይደለም» አለ ሙመድ። ልጁን አላያትም። «እዚህ ነው። ይህን ሱቅ አባቴ ነው በእጁ የገነባው። እሱንም ጻፈው።»

ተሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። «እጽፈዋለሁ» አለ።

ቱሪያ ዘንጉን ይዛ ገባች። ከመስመሩ ጋር አስተካክላ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጋ፣ ቁጥሩን ተሰማ እንዲሰማው ጮክ ብላ አነበበች።