የዳሌ ሐኪሙ አሟሟት

ዝነኛው የዳሌ ቀዶ ሐኪም ጠዋት በሮቦቱ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ አንድ ከባድ ምት አርፎበታል፤ የሮቦቱ ክንድ ጫፍም ደም ነክቶታል። መርማሪዋ ስትደርስ ነገሩ ያለቀለት መስሎ ነበር። ማሽኑን ሳታጠፋ ሄዳለች የተባለችው ረዳቱ፣ ወጣቷ ሐኪም፣ እጇ በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች።

«ሰው ካልያዘው እኮ አይንቀሳቀስም» አለች ረዳቷ።

«ሁሉም ተጠርጣሪ አንድ ነገር ይላል» አለ ፖሊሱ።

መርማሪዋ ያለቀለት ነገር አይዋጥላትም። ሁሉም ጣቱን ወደ ታናሽ ሲቀስር ደግሞ ደሟ ይፈላል። መጀመሪያ የቀዶ ጥገና ክፍሉን ነርስ አነጋገረችው።

«በሮቦቱና በእጅ መሥራት ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«በሮቦቱ የአጥንቱን ምስል አንስተን አስቀድመን እናቅዳለን፤ ሰው ሠራሹ ዳሌ የታሰበለት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። ጋሼ ደግሞ በዓይናቸውና በእጃቸው ነው የሚለኩት።»

«የቱ ይበልጣል?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ከርሞ ሕመምተኞቹ ደረጃ ሲወጡ ብታያቸው አትለያቸውም። ሟቹ ግን ይህን መስማት አይወዱም ነበር። የተወላገደውን ዳሌ ሁሉ ለጋሼ ይሰጡና፣ ቀላል ቀላሉን በሮቦቱ ሠርተው፣ እጅ ተሸነፈ ብለው ያስወራሉ።»

ጋሼ የሚባሉት አንጋፋው ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ ረዳቷን ሙያውን ያስተማሯትም እሳቸው። መርማሪዋን ቢሯቸው ውስጥ ተረጋግተው ተቀበሏት።

«የዚያን ማሽን ክፍል ደጃፉን ረግጬው አላውቅም» አሉ። «ግን እንዲህ እንደሚሆን ይታየኝ ነበር። ራሱ የሚቆርጥ ማሽን ሰውን ከአጥንት ይለያል? እሷ ከፍታው ሄደች፣ ተነስቶ መታው። በቃ፣ ይኸው ነው።»

መርማሪዋ አመስግናቸው ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሮቦቱ ያለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ነርሱ ማሽኑን እንዲከፍተው አድርጋ ክንዱ ሥር ገብታ ቆመች። አንጋፋው ሐኪም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ክንዱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይህን ክንድ የሚመራው ጨብጦ የያዘው ሐኪም ነው» አለች። «ሐኪሙ ከታቀደው መስመር ሊወጣ ሲል ብቻ ማሽኑ ይገታዋል። ካልያዙት የቤት ዕቃ ማለት ነው። ነርሱ ይህን ያውቃል፤ ረዳቷም ታውቃለች። ከሁለቱ አንዳቸው ገዳይ ቢሆኑ ክንዱን ደም ቀብተው ማሽኑ ገደለው አይሉም፤ ውሸቱ አንድ ቀን እንደማያድር ያውቁታላ። ይህን ያደረገው ሮቦት በራሱ ተነስቶ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ቅድም ቢሮዎ ውስጥ እንዲህ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሁን ክንዱን የሸሹትም እርስዎ ብቻ። ምቱ ደግሞ ሰው ሠራሹን ዳሌ መትታችሁ የምታስገቡበት የመዶሻ ምት ነው።»

አልካዱም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በእግሩ እንዲቆም አድርጌያለሁ» አሉ። «እሱ ተማሪዎቼ ፊት እጅዎ ይንቀጠቀጣል አለኝ። ሲስቁብኝ ሰማሁ። ትናንት ግን እጄ አልተንቀጠቀጠም።»

ረዳቷ ካቴናው ሲፈታላት የእጅ አንጓዋን እያሻሸች ቀረበቻቸው።

«ጋሼ፣ ጣጣው በእኔ ላይ እንደሚመጣ እንዴት አላሰቡትም?»

ሽማግሌው አዩዋት። ስለ ሟቹ ሲያወሩ ያልነበረ ንዴት ፊታቸውን አቀላው።

«እሱማ ጠላቴ ነበር፤ አንድ ምት በቃው» አሏት። «አንቺ ግን ልጄ ነበርሽ፤ ጥለሽኝ ወደሱ ሄድሽ። አንቺ ዳግመኛ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳትገቢ እንድታረጂ ነበር የፈለግሁት።»