ጢም ብሎ የተሞላ ስኒ

ኤርሳይን ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ኩርት ነው፣ ሳቢር አጋ። እናቴ ልካልዎ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ኩርት የደረቀ የጨው አይብ ነው፤ ጥርስ ይሰብራል፣ የመዳብ ከተማዋ የቃራሶር ሰው ግን እንደ ቆሎ ይቆረጥመዋል። ከረጢቱ ውስጥ ካሉት አንዷ የእውነት ድንጋይ ነበረች። አይብ የተቀባች የመዳብ ማቅለጫ ዝቃጭ።

ለዚያች ድንጋይ ሲል ኤርሳይን፣ በምስጢር ስሙ «ግመል»፣ የከተማዋን የመዳብ ፋብሪካ ሊገዛ የመጣ የውጭ ኩባንያ ሾፌር መስሎ ሁለት ክረምት ኖሯል። ሶቭየት ከፈረሰች ወዲህ ቃራሶር ደመወዝ የምታየው በህልሟ ብቻ ነው። ኩባንያው ፋብሪካውን፣ ከነጥቁሩ የዝቃጭ ተራራ፣ ቆሻሻ ነው ብሎ በርካሽ ሊጠቀልል ነው። ተራራው ውስጥ ግን ሬኒየም አለ፤ የጄት ሞተር ሠሪ ሁሉ የሚሻማበት ብርቅ ብረት። ድንጋዩ ከነገው የሽያጭ ስብሰባ በፊት ዋና ከተማው አልማቲ ካልደረሰ መንግሥት የከተማውን የልጅ ልጅ ጉርስ ፈርሞ ይሰጣል።

ድንጋዩን ተቀብሎ የሚያደርሰው፣ በስለላው ሥራ አለቃው የሆነው ሳቢር ነው።

ሻይ የምትቀዳው የሳቢር ልጅ ሚስት ቃምሻት ናት። በዚያ አገር ለተከበረ እንግዳ ስኒው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ጨዋታው እንዲረዝም ነው። ጢም አድርገው ከሞሉለት ግን፣ ጫማህን ፈልግ ማለት ነው።

«ከስተሃል፣ ግመሌ» አለ ሳቢር። «ፈረንጆቹ ቤንዚን ብቻ ነው እንዴ የሚያጠጡህ?»

«እሱንም በቁጥቁጥ ነው፣ አጋ።»

ቃምሻት ሁለተኛውን ስኒ አቀበለችው።

ጢም ብሏል።

አንገቷን ደፍታለች። ማንቆርቆሪያውን መስኮቱ ሥር አኖረችው። ኤርሳይን በመስኮቱ ቃኘ። ከአጥሩ ወዲያ የኩባንያው ነጭ መኪና ቆማለች። ጠዋት በገዛ እጁ ያጠባት መኪና።

ሳቢር ሸጦታል።

«የእናቴን እጅ ልቅመስ» አለና ከከረጢቱ ግራጫዋን መርጦ አፉ ውስጥ ወረወራት። መንጋጋው ቋ አለ። የተሰበረው ጥርሱ ነው፤ ድንጋዩማ ምን ይሆናል።

«ወዴት ነው?» አለ ሳቢር፣ ሲነሳ አይቶ።

«ሽንት ቤት» አለ ባበጠ ጉንጩ።

የጓሮውን በር ሲከፍት ከኋላው የሳቢርን ድምፅ ሰማ፤ ቀዝቃዛ፣ ዝግ ያለ።

«ቃምሻት፣ ይሄን ስኒ እንዲህ የሞላው ማነው?»

ሰምቷል። አልተመለሰም።

አጥሩን ዘለለ፤ በከሰል ባቡር፣ አፉ ደምና ጨው እንደ ሞላ፣ አልማቲ ገባ። ሽያጩ ተሰረዘ። ሳቢር ድንጋዩን ያስላክሁት እኔ ነኝ ብሎ ሜዳልያ አንጠለጠለ። ቃምሻትን ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ያያት የለም። ጎረቤት፣ «ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች» ይላል፤ ወላጆቿ እኛ ጋ አልመጣችም ይላሉ።

የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ዳግም መጨስ ሲጀምር አንድ ሠራተኞቹ ስሙን የማያውቁት፣ ጥርሱ የተሸረፈ የከሰል መኪና ሾፌር ፋብሪካው ምግብ ቤት ገባ። አስተናጋጇ ልጅ በአክብሮት ግማሽ ስኒ ቀዳችለት።

«ሙይው፣ እህቴ።»

«ራሱን የሚያባርር እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ» ብላ ሳቀች። ሞላችለት።

ሳይጠጣው ካፖርቱን አንስቶ ወጣ።