የአይናዲስ ግማሽ ደቂቃ

«ቀዝቅዛ ነበር ትለኛለህ? ከአምስት ደቂቃ በፊት ስትሮጥ የነበረች ሴት እንዴት ነው የምትቀዘቅዘው?»

አበረ ይህን እያለ የጠመንጃውን ሰደፍ ከተስፋዓለም መንጋጋ ላይ አሳረፈው። መምህሩ ከግድግዳው ተላትሞ ወደቀ። ደም የቀላቀለ ጥርስ ተፋና ያንኑ ደገመ።

«ሳነሳት ቀዝቅዛ ነበር።»

«ፊቷን በድንጋይ ካደቀቅህ በኋላ ነው ያነሳሃት? አገርህን ሳናውቅ እህታችንን ሰጠንህ!»

ሰደፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ ኢንስፔክተር የብርጓል የግቢውን በር ገፍታ ገባች። አልጮኸችም። ሄዳ በሁለቱ መካከል ቆመች።

ግቢው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከሮብ ገበያ መንገድ ዳር ነው። የማራቶን ሯጯ አይናዲስ ከባሏ ጋር የምትኖርበት ቤት ነበር። ሦስት ሳምንት ብትቆይ ኖሮ ውጭ አገር ሄዳ የዕድሜዋን ትልቁን ውድድር ትሮጥ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ግን ከቤቷ ጀርባ ካለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። ያገኛት ባሏ፣ መምህሩ ተስፋዓለም ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ በደሟ ተነክሯል።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለች የብርጓል።

«ዘጠኝ ሰዓት። ደሟን ሳልመልስ ግን አፈር አላለብሳትም» አለ አበረ።

«እንግዲያው ጋሼ አበረ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሱኝ። ጠመንጃውን ይያዙት። ካዝናውንና ጠመንጃው የጎረሳትን ጥይት ግን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ገዳዩን ሳታመጪ ብትቀሪስ?»

«ጥይቱን እመልስልዎታለሁ።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ደንግጦ አያት። አበረ ካዝናውን ነቀለ፤ የጎረሳትንም ጥይት አውጥቶ ሁለቱንም ከመዳፏ ላይ ጣለ። ተስፋዓለም ከወደቀበት አልተነሳም። ዕድሜው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ጫካው ውስጥ አይናዲስ በጀርባዋ ተንጋላለች። መጅ የሚያህል ድንጋይ ግንባሯን ሰንጥቆ የቀኝ ዓይኗን አፍስሶታል። የሁለት ጣቶቿ ጥፍር ተሰብሯል፤ ሳትታገል አልሞተችም። የብርጓል ተንበርክካ የልምምድ ቲሸርቷን ብብት በጣቷ ዳሰሰች፤ ጎንበስ ብላም አሸተተች። ከዚያ ከእጅ አንጓዋ ላይ ያለውን የስፖርት ሰዓት ተመለከተች።

አሰልጣኙ ዋኘው ከትራፊክ አደጋ የተረፈ ሰው ነው፤ በከዘራ እያነከሰ ይሄዳል። የሯጯ ሰዓት የሮጠችበትን መንገድና ፍጥነት ወደ ስልኩ እንደሚልክለት አስረዳት። ሐሙስ ሐሙስ ብቻዋን አስራ ስድስት ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ዛሬም ልክ በአስራ ሁለት ሰዓት ከዚህ ጫካ ተነስታለች፤ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ተመልሳ እዚሁ ቆማለች። ተስፋዓለም ደግሞ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከአስር ላይ ፎጣና ውሃ ይዞላት ይመጣል።

«በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ማን ሊደርስባት ይችላል?» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «በሞተችበት ቀን እንኳ ከሁሉም ሐሙስ ፈጥና ነበር እኮ። በግማሽ ደቂቃ።»

የብርጓል ስልኩን ተቀብላ ያለፉትን ሐሙሶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሄደች አየች። አየችና ስለ ግድያው ምንም የማይመስል ጥያቄ ጠየቀችው፤ አይናዲስ መንገዷ ላይ ካለችው ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር ስትደርስ ምን ታደርጋለች?

ዋኘው በእንባው መሃል ፈገግ አለ። ትቆማለች አላት፤ ኮፍያዋን አውልቃ በሩን ትሳለማለች። ልምምድ እንዳይቋረጥ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗት ነበር። «‹አሰልጣኝ፣ እሷን አልፌ የት ልደርስ ነው?› ብላ አፌን አስያዘችኝ።»

የብርጓል ይህንኑ ጥያቄ ለአርሴማ አቀረበችላት። አርሴማ ከአይናዲስ እግር ሥር እየተከተለች የምትሮጥ ወጣት ሯጭ ናት፤ ዛሬ ጠዋት ሆዷን አሟት ከቤት አልወጣችም። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «በሌላው ቀን አብረን ስንሮጥ አብረን ነው የምንሳለመው፣ እትዬ። እሷ ግን ታበዛዋለች። ላቤ ደረቀ እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር» አለች።

የመጨረሻው ሰው አንሙት ነበር፤ የአይናዲስ አሯሯጭ። በልምምድም በውድድርም ከፊቷ እየሮጠ ፍጥነቷን የሚጠብቅላት እሱ ነው። ፀሐዩ ጠንክሮ ሳለ የቱታውን እጅጌ እስከ መዳፉ ስቦታል። ጠዋቱን ቤቱ ተኝቶ እንዳረፈደ ነገራት።

«ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ስትደርስ ምን ታደርግ ነበር?»

«ምን ታደርጋለች?» አለ ትከሻውን ሰብቆ። «ትሮጣለች እንጂ። ደህና ሯጭ ልምምድ ላይ አይቆምም።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ቃሬዛው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አበረ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከተስፋዓለም ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«ጋሼ አበረ፣ የሮጠች ሴት አትቀዘቅዝም ብለዋል። እውነትዎን ነው» አለች የብርጓል። «አይናዲስ ግን ዛሬ አልሮጠችም። አስራ ስድስት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ልብሱ ላብ ላብ ይላል፤ ሲደርቅም ጨው ይሠራል። የእሷ ቲሸርት የሚሸተው ሳሙና ነው። የተገደለችው ልትነሳ ስትል፣ በአስራ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ባሏ የቦኖ ውሃ ተሰልፎ ነበር፤ ሰባት ጎረቤት አይቶታል።»

«ሰዓቷስ?» አለ ዋኘው።

«ሰዓቷን ሌላ ሰው ሮጦበታል። ከሬሳዋ እጅ ፈታው፣ መንገዷን ዞረበት፣ መልሶ አሰረላት። ፎጣው የሚመጣበትን ደቂቃ ያውቃል፤ ባሏ ትኩስ ሬሳ ላይ የተያዘ ይመስል ዘንድ ነው። ይህን ዳገት በእሷ ፍጥነት የሚዞር ደግሞ በዚህ ግቢ ማን አለ? መምህሩ አይችልም። አሰልጣኙ በከዘራ ነው የሚሄደው። የቀሩት አርሴማና አንሙት ናቸው።»

የአሰልጣኙን ስልክ ከፍ አድርጋ አሳየች። «ሐሙስ ሁሉ ሰዓቱ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ግማሽ ደቂቃ ይቆማል። ዛሬ አልቆመም። አይናዲስ ፈጥና አይደለም፤ የሮጠው ሰው እንደምትሳለም አያውቅም ነበር። አርሴማ ታውቃለች፤ አብራት ቆማለች። አሰልጣኝ፣ በጋራ ልምምድ ቀን እነሱ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ አንሙት የት ነው?»

ዋኘው ወደ አንሙት ዞረ። «ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ቀድሞ እንዲሄድ እለቀዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ድልድዩ ላይ ነው የሚጠብቃቸው።»

«ስድስት ዓመት ከፊቷ ሮጦ አንድ ቀን ዞሮ አላያትም» አለች የብርጓል። «እጅጌህን ሰብስብ።»

አንሙት አልነቃነቅ አለ። ፖሊሱ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበው፤ ከክርኑ እስከ አንጓው አራት የጥፍር ቦይ ወርዷል፤ ደሙ ረግቶ ጠቁሯል።

«ስድስት ዓመት ነፋሱን በደረቴ መከትኩላት» አለ አንሙት ማንንም ሳያይ። «ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውጣ እባላለሁ፤ እሷ ትጨርሳለች፤ ለእሷ ይጨበጨባል። ሰኞ ዕለት ለውጩ ውድድር ሌላ አሯሯጭ ይዣለሁ አለችኝ።» ወዲያው ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ መጣ። «ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ሮጥኩ።»

አበረ ጠመንጃውን አንሙት ደረት ላይ ደግኖ ቃታውን ሳበ። ቀጭ ብሎ ቀረ። ጥይቱ የብርጓል ኪስ ውስጥ ነው። ይኼኔ አፈሙዙን ይዞ በሰደፉ መታው፤ አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ፤ ሁለተኛው ምት ከጆሮው በላይ አረፈ፤ ሦስተኛውን ፖሊሱና ዋኘው ተረባርበው ያዙበት። አርሴማ ከመሬት ድንጋይ አንስታ እየጮኸች መጣች። የብርጓል አንሙትን በሰውነቷ ከልላ በደም በራሰ ኮሌታው እየጎተተች ወደ መኪናው አወጣችው። ሕዝቡ ሁሉ ተከትሎ ወደ መንገዱ ግር አለ።

ተስፋዓለም ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። ከልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ትናንት ያጠበችው መሮጫ ጫማዋ ተሰቅሏል። አወረደው፤ ማሰሪያውን ከማሰሪያው ቋጥሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ቃሬዛውን ያነሱት ሰዎች በፊተኛው በር ሲወጡ፣ እሱ ቀብሩን ሳይከተል በጓሮው በኩል ወጥቶ ወደ አገሩ በሚወስደው አስፋልት ቁልቁል ወረደ።