ስም አይለመንም

ኢዱን የበረንዳውን በር ገርበብ አድርጋ ቆመች። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አራስ ወንድሟ ግን እዚያው ጋሪው ውስጥ፣ እስከ አፍንጫው በሱፍ ተጠቅልሎ ለሽ ብሏል። እንደ አገሩ ልማድ ቀን ቀን የሚተኛው እዚያ ነው፤ እሷም በጊዜዋ እዚያው ተኝታ ነው ያደገችው። በሩ ላይ ያስቆማት ሌላ ነገር ነው። የእናቷ አባት፣ አያቷ ኬቲል፣ ጋሪው ላይ ጎንበስ ብለው ያወራሉ።

«ማግኒ» አሉ በለሆሳስ። «አንተ ማግኒ፣ እግርህ ሞቀህ?»

ኢዱን ግራ ገባት። ልጁ እኮ ገና ስም የለውም! ክርስትናው ነገ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ «ትንሹ» ነው የሚለው። አባቷ ስም ማውጣቱን ለእናቷ ትቶላታል፤ እናቷ ደግሞ «አሮን» ልትለው እንዳሰበች ለኢዱን ብቻ በጆሮዋ ነግራታለች። ታዲያ ይሄ ማግኒ ከየት መጣ?

ከዚያ ትዝ አላት። ማግኒ የአያቷ ታናሽ ወንድም ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር በላው፤ ሬሳው እንኳን አልተገኘም። አያቷ ቤት፣ በምዕራብ በኩል ባለችው የባሕር ዳር መንደር፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወፍራም ሹራብ የለበሰ ጆሮ ትልቅ ልጅ ነው። ስለ እሱ የሚያወራ ሰው የለም።

ኬቲል ለክርስትናው ብለው ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሬይኪያቪክ የመጡት በዚህ ሳምንት ነው። የመጡ ዕለት «ተዉኝ፣ እጄ ሻካራ ነው» ብለው ሕፃኑን አልታቀፍም አሉ። እናቷ ስቫላ ግን መች ሰምታቸው፣ ዝም ብላ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ትንሹ አውራ ጣታቸውን ጭብጥ አድርጎ ያዘ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይለያቸው! ደረቅ ዓሣቸውን በቅቤ የሚበሉት እንኳን በአንድ እጃቸው ሆነ።

«አባባ፣ ማግኒ አልከው እንዴ?»

ኬቲል እንደ ሌባ ደነገጡ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ። ለምን ለእማዬ አትነግራትም? እርግጠኛ ነኝ፣ እሺ ነው የምትልህ።»

«ስም አይለመንም፣ የኔ ልጅ። እናት ደስ ያላትን ታወጣለች፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ አይለምንም።» ጋሪውን ቀስ አድርገው ወዘወዙት። «የሞተ ሰው ስሙ ለሕፃን እንዲወጣ ከፈለገ ራሱ በሕልም መጥቶ ይጠይቃል። እናትሽ የእናቴን ስም ያገኘችው እንዲያ ነው። ማግኒ ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ ለማንም አልመጣም። ለእኔም ቢሆን።» ሱፉን አስተካከሉለት። «ትንፍሽ እንዳትዪ። ሆድ ይፍጀው።»

«እሺ» አለች ኢዱን። አንጀቷን በሏት።

ወደ ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ የክርስትናውን ኬክ ክሬም ትቀባለች። አንዲት ትንሽ ውሸት ማንን ትጎዳለች? ኢዱን ብዙም ሳታስብ አፏን ከፈተች።

«እማዬ፣ ሌሊት ሕልም አየሁ። ያ የፎቶው ልጅ መጣ። ማግኒ።»

የስቫላ እጅ ኬኩ ላይ ቀረ። «እየፎገርሽኝ ነው?»

«እውነቴን ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስሜን ለትንሹ ስጡልኝ አለኝ።»

«ያን ሹራቡን ለብሷል?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ነው ቀለሙ?»

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ኢዱን ገመተች። «ሰማያዊ።»

ስቫላ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልሂድ ለአባዬ ልንገረው! ወንድምህ መጣ ልበለው!» ብላ ሽርጧን መፍታት ጀመረች።

ኢዱን የሚከተለው የታያት ያኔ ነው። አያቷ ይጠይቋታል። ምን አለሽ? ፊቱ እንዴት ነው? በርዶት ነበር? ይሏታል። እሷም እየፈጠረች ትመልሳለች፣ እሳቸውም የምትላቸውን ሁሉ ያምናሉ። ስልሳ ዓመት የጠበቁት ወንድማቸው የእሷ ፈጠራ ሊሆን ነው።

«እማዬ፣ አትሂጂ!» ጉንጯ ጋለ። «ውሸቴን ነው። ምንም ሕልም አላየሁም።»

«ምን አልሽ?» የስቫላ ፊት ተለዋወጠ። «በሞተ ሰው ትቀልጃለሽ? አታፍሪም?»

«አፍራለሁ። ግን እማዬ...» ለአያቷ ቃል ገብታለች። ቢሆንም ተናገረች። «አባባ በረንዳ ላይ ማንም የማይሰማው ሲመስለው ትንሹን ማግኒ ይለዋል። እግርህ ሞቀህ ይለዋል። ስም አይለመንም ብሎ ነው ያልነገረሽ።»

ስቫላ ወደ በረንዳው በር ዞራ አየች። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ተወልጄ እስካሁን» አለች በመጨረሻ፣ «አባዬ ያንን ስም አንድም ቀን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም።»

እጇን ጠርጋ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ኢዱንም ከኋላዋ ተከተለች። ስቫላ ትንሹን ከጋሪው ብድግ አድርጋ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አባቷ ክንድ ላይ አስተኛችው።

«አባዬ፣ ነገ የምታቅፈው አንተ ነህ።»

«እኔ? እናቱ እያለሽ?»

«አዎ፣ አንተ። ሴቷ ቄስ ስሙን ስትጠይቅ የሚመልሰው ያቀፈው ሰው ነው።»

«ምን ብዬ ልመልስ ታዲያ?»

«ቅድም ያልከውን።»

ኬቲል ቀና ብለው ኢዱንን አዩ። ቃሏን አፍርሳለች፤ ቢቆጧትም ልትችለው ወስና ዓይኗን ሳትሰብር ቆመች።

«ወሬኛ» አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ እሷም ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እጄ ደንዝዟል፤ አይለይልኝም» አሉ። «እስቲ እግሩን ንኪልኝ። ሞቆታል?»

ኢዱን እጇን ወደ ሱፉ ውስጥ አስገብታ ትንሿን እግር በመዳፏ ያዘች።

«ሞቆታል፣ አባባ» አለች።