የሳኬ የመጨረሻ ሻይ

የሳኬ አስከሬን ገና ከክፍሉ ሳይወጣ የጥፋተኝነት እምነት ቃል ተጽፎ ለራውሻን ቀረበላት።

«ፈርሚና እንገላገል» አለ የቢሮው ኃላፊ እንግሊዛዊው ግሬም ሃልስተድ። «ያፈላሽው ሻይ ውስጥ የልብ መድኃኒታቸውን በስህተት አብዝተሽ ጨምረሻል። ድርጅቱ አይተውሽም።»

«አልፈርምም!»

ራውሻን በሕግ ድርጅቱ የአልማቲ ከተማ ቢሮ ከሁሉ ዝቅ ያለች ጀማሪ ጠበቃ ናት። ድርጅቱ ስሙ በዓለም የናኘ ነው፤ የእሷ ሥራ ግን ሌላው የሚፈርመውን ማርቀቅ፣ ሌላው የሚመሰገንበትን ማንበብ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ስሟን የሚያውቁት አንጋፋው ጠበቃ ሳግንዲቅ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ስማቸውን አሳጥሮ በአክብሮት ሳኬ ይላቸዋል። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ባዶውን ወድቋል። ሻይ የምታፈላው ደግሞ እሷ! ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

መርማሪዋ ሻለቃ ባልዢያ ችኩል ሴት አይደሉም። እጀታ የሌላትን የሳኬን ሲኒ ዘንበል አድርገው አዩ። ወተት የገባበት ሻይ ሲቆይ የሚተወው ቀለበት ከሲኒዋ ከንፈር ሥር ደርቋል። ማንቆርቆሪያው ግን ተወልውሎ ያብለጨልጫል፤ አንድም የጣት አሻራ የለበትም።

«ሻዩን ያፈላሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ከሥራ ስወጣ አፍልቼ ሄድኩ። ሰው እየጠበቁ ስለነበር አልቀዳሁላቸውም።»

«ማንን?»

«አልነገሩኝም። ብቻ በጣም ተናደው ነበር።»

«ልጄ፣ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ! ግን ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

ቀጥሎ ቫዲም ተጠራ፤ እዚያው አልማቲ ተወልዶ ያደገ ሩሲያዊ ጠበቃ ነው።

«ከሳኬ ጋር ተጣልተሃል አሉ?»

«ከሳኬ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ግትር ነበሩ። ግን አባቴ ሲሞት ቆመው ያስቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ግሬም አጭር ነበር። «ትናንት ወደ ክፍላቸው ዝር አላልኩም።»

ሻለቃዋ ሦስቱንም የስብሰባ አዳራሽ ሰበሰቧቸው። ሻይ አስመጡ።

«ደክሞኛል። እስቲ በየተራ ቅዱልኝ።»

ራውሻን ጥቂት ጠብ አድርጋ በሁለት እጇ አቀበለች። ቫዲምም እንደዚያው። ግሬም ግን ፈገግ ብሎ ሲኒውን ጢም አድርጎ ሞላው። ቫዲም አፍሮ አቀረቀረ።

«ምነው?» አለ ግሬም።

«እኛ ዘንድ» አሉ ሻለቃዋ፣ «ለተከበረ ሰው ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚቀዳው፤ ጨዋታው እንዲረዝም። ጢም አድርገህ ስትሰጠው ‹ጠጣና ውጣልኝ› ማለትህ ነው። ይቺ ልጅ ለሳኬ እንደዚያ ከምትቀዳ እጇ ቢቆረጥ ይሻላታል። የሳኬ ሲኒ ግን እስከ ከንፈሩ ተሞልቶ ነበር።»

«ስንት ዓመት እዚህ ስኖር ማንም አልነገረኝም!»

«እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው። ሳኬም ችለውህ ጠጡ።»

«በሲኒ ሰው ይከሰሳል እንዴ?»

«በሲኒ ብቻማ አይከሰስም። ማንቆርቆሪያውን ማን ወለወለው? ራውሻን በየቀኑ ትይዘዋለች፤ አሻራዋ ቢገኝ ማን ይገረማል? አሻራው የሚያስፈራው ‹ዝር አላልኩም› ያለውን ሰው ነው።»

«ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለ ቫዲም በድንገት። «ትናንት ማታ መሀረቡን እያጣጠፈ ከሳኬ ክፍል ወጣ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። ራውሻን፣ አፈርኩ።»

ግሬም ተነሥቶ ወደ በሩ አመራ። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

«አሁን የቀረኝ ለምን እንደገደላቸው ነው» አሉ ሻለቃዋ።

ራውሻን መልሱን ታውቀዋለች። ሳኬ ትናንት ጠረጴዛ እየደበደቡ «ነገ ለዳኛው እናገራለሁ!» ሲሉ ሰምታለች። አፏን ሳትከፍት ስልኳ ጮኸ፤ ለንደን ያለው የድርጅቱ ዋና አለቃ ነው።

«አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ! የደንበኛችን ምስጢር ነው። ከተናገርሽ በዚህ ሙያ የትም አትቀጠሪም።»

ለዚህ ሥራ ወጣትነቷን ሰጥታለች፤ እናቷም ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ሆኖም ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ።

«ሰማሁህ» ብላ ስልኩን ሳትዘጋው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሻለቃዋን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ደንበኛችን የማዕድን ኩባንያ ነው፤ ግድቡ መርዝ ወደ ወንዙ ያፈሳል። ግሬም ያውቃል፤ ከፍርድ ቤት ደብቆታል፤ ሳኬ ዛሬ ለዳኛው ሊናገሩ ነበር። ከታች ያለው መንደር አሁንም ከዚያ ውሃ ነው የሚጠጣው። እንዳይጠጡ ይደውሉላቸው፤ አሁኑኑ!»